ሁለት ጨረቃ የወጣበት ቤት

ረመዳን 1 (በእናቴ አቆጣጠር ሻዕባን 30)

ለባግዳድ ሕዝብ በሙሉ፣ በተለይም ለሰፈራችን ነዋሪዎች፦ ከታላቅ ኀዘን ጋር የምናሰማችሁ መርዶ አለ። የፀጉር አስተካካዩ የሻኪር ቤት ከዛሬ ንጋት ጀምሮ ለሁለት መንግሥት ተከፍሏል። ድንበሩ ከጨው ዕቃው ተነሥቶ፣ በሻይ ማንቆርቆሪያው ሥር አልፎ፣ ፍሪጁ በር ላይ ያልቃል። ከድንበሩ ወዲያ አባቴ ይጾማል። ከድንበሩ ወዲህ እናቴ ዳቦ በቴምር ማር እያጠቀሰች ትበላለች። እስካሁን የሞተ የለም። የቆሰለው አንድ ሰው ሲሆን እሱም እኔ ነኝ፤ የቆሰልኩት ሆዴ ላይ ነው፤ በየትኛው መንግሥት እንደሚተዳደር ገና አልወሰነም።

ይኼን ደብተር ከመቶ ዓመት በኋላ ለሚያገኘው አይጥ ላስረዳ። አባቴ ሱኒ ነው፤ የሱ ሼኾች ትናንት ማታ ጨረቃ አየን አሉ። እናቴ ሺዓ ናት፤ የሷዎቹ አላየንም፣ ወሩ ገና ሻዕባን ነው አሉ። እኔም ለማጣራት ጣሪያ ላይ ወጥቼ ነበር። የጄኔሬተር ጭስ አየሁ። የጄኔሬተር ጭስ በሁለቱም ወገን ተቀባይነት ያለው ብቸኛ ነገር ነው።

እህቴ ሩሱል ስምንት ዓመቷ ነው። «ሳርመድ፣ እኔ ዛሬ ጾመኛ ነኝ ወይስ አይደለሁም?» አለችኝ።

«ግራ እጅሽ ጾመኛ ነው። በቀኝሽ ብዪ።»

በላች። ሃይማኖታዊ ጥያቄ ሲመጣ እኔን መጠየቅ ነው፤ የመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃን ፈተና ሁለቴ ወድቄ ስልክ ጥገና የገባሁት በከንቱ አይደለም።

ረመዳን 2 (1)

ዛሬ ሁሉም ጾመኛ። ድንበሩ ተነሣ። ሱቅ ሰው ሞልቷል፣ ቸኩያለሁ።

ማታ የተጨመረ፦ ከዚህ በፊትም ጨረቃዋ ስንቴ እንዲህ አድርጋናለች፤ ግን ይሳቅበት ነበር። አባቴ «የናንተ ጨረቃ ዛሬም እንቅልፍ ወስዷት ነው?» ሲላት እናቴ በፎጣ ትመታው ነበር። ዘንድሮ ፎጣው ገመዱ ላይ እንደተሰጣ ነው። አባቴ ቴሌቪዥን ላይ አዲስ ሼኽ አግኝቷል፤ ፀጉር ሲቆርጥም እሱን ከፍቶ ነው። የእናቴ ወንድም አጎቴ ሙህሲን ደግሞ ጎማ ቤቱ ውስጥ በስልኩ ሌላ ሰባኪ ይሰማል። ሁለቱን ሰምቻቸዋለሁ። ጉሮሯቸው አንድ ነው፣ ጠረጴዛ አመታታቸውም አንድ ነው። ድምፃቸውን አቀያይሬ ብጭንላቸው የሚያውቅ አይመስለኝም። ሐሳቡን እያሰብኩበት ነው።

ረመዳን 4 (3)

ምንም አልሆነም። ማለቴ ትንሽ ነገር ሆኗል።

አባቴ በመጀመሪያው አዛን ያፈጥራል። እናቴ የሰማዩ ቅላት እስኪጠፋ፣ ሩብ ሰዓት ያህል ትቆያለች። እሱ ዛሬ ቴምሩን አላምጦ ሾርባውን ወደ ራሱ ሳበና፣ «ፀሐይዋ ገብታለች እኮ ሴትዮ። ሌላ ፀሐይ ነው የምትጠብቂው?» አላት።

«ሰማዩ ገና ቀይ ነው።»

«ሃያ ዓመት ቀይ ነው እያልሽ ስንት ሾርባ በረደ።»

እስከዚህ ድረስ ቀልድ ነበር፤ እኔም ለመሳቅ አፌን ከፍቼ ነበር። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ሼኹ ጠረጴዛውን መታ። አባቴ ዞር ብሎ አየው፣ ከዚያ እናቴን አየና፣ «ሼኹ ልክ ነው። የናንተ ጾም ባዶ ረሃብ ነው» አለ።

እናቴ ማንኪያውን አስቀመጠች። ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን አለ። አንዱ የአባቴ ወንድም ዑመር፣ አንዱ የእናቴ የአክስት ልጅ አብዱልዘህራ ነው። እኔ በተወለድኩበት በዚያ ክፉ ዘመን አንዱን አንደኛው ወገን ኬላ ላይ፣ ሌላውን ሌላኛው ወገን ኬላ ላይ መታወቂያ ጠየቋቸው። ስማቸውን አነበቡ፤ ዑመር የሱኒ፣ አብዱልዘህራ የሺዓ ስም ነው፤ ሌላ ጥያቄ አልነበረም፣ ገደሏቸው። እኔ ሳርመድ፣ እሷ ሩሱል የተባልነው ለዚህ ነው፤ ስማችንን ያነበበ ሰው የማን እንደሆንን አያውቅም። እናቴ ተነሣች፣ የአብዱልዘህራን ፎቶ ከሚስማሩ አወረደች፣ የሩሱልን ጫማ ፈለገች። ሁለት ቅያስ ማዶ ወደ አጎቴ ሙህሲን ቤት ሄዱ።

ሾርባው ጥሩ ነበር። እኔ ሁለት ሳህን በላሁ። የእሷንም ማለቴ ነው።

ረመዳን 5 (4)

ግድግዳው ላይ ፎቶው የነበረበት ቦታ ነጣ ብሎ ቀርቷል። ያስጠላል። የአጎቴን ጎማ ቤት የቀን መቁጠሪያ ሰቀልኩበት፤ ትልቅ ጥቁር ጎማ ከነቁጥሩ። አባቴ ገብቶ ቆሞ አየው።

«ይኼን ማን ሰቀለው?»

«ግድግዳው ጎማ ፈልጎ ነው፣ ያባ።»

ያወርደዋል ብዬ ነበር። አላወረደውም።

ረመዳን 8 (7)

ስለ ጥቅሜ ልጻፍ። በመጀመሪያው አዛን ከአባቴ ጋር አፈጥራለሁ፤ ዳቦ፣ ኪያር፣ የቀዘቀዘ እንቁላል። ከዚያ ቅያሶቹን በሩጫ አቋርጬ አጎቴ ቤት በሁለተኛው አዛን እደርሳለሁ፤ ባሚያ፣ ሩዝ፣ በቅጠል የተጠቀለለ ዶልማ። በዚህ ጦርነት እስካሁን ያሸነፈው ቀበቶዬ ብቻ ነው፤ አዲስ ቀዳዳ በስቼለታለሁ።

ስመለስ አባቴ መስኮቱ ጋ ቆሞ ያጨሳል። «ምን ሠራች?» ይላል፣ ወደ ውጭ እያየ።

«ባሚያ።»

«የደረቀ ሎሚ ጨምራበታለች?»

«ጨምራበታለች።»

«ድሮም ታበዛዋለች» ይልና ምራቁን ይውጣል።

እዚያ ደግሞ እናቴ ሳህን እያጠበች፣ «ሰማያዊውን ሸሚዝ ለብሶ ወጣ?» ትላለች።

«ለብሶ።»

«ሳይተኮስ?»

«እንደ ተኛ አህያ ጆሮ።»

አትስቅም። ድሮ በዚህ ትስቅ ነበር። አህያውን ነገ አሻሽለዋለሁ።

ረመዳን 10 (9)

የሰፈሩም ጉዳይ ተበላሸ። ረመዳን በገባ ቁጥር ወንዶቹ በሐጂ ጡዕማ ሻይ ቤት ቀለበት ይጫወታሉ። አንዱ ቡድን በብርድ ልብስ ተሸፍኖ ቀለበቱን ከአባላቱ ባንዱ መዳፍ ይደብቃል፤ የሌላው ቡድን አለቃ በተሰለፉት ፊት እየሄደ ፊት እያየ ይፈልገዋል። ባዶ ነው ያለውን እጅ ያስከፍታል፤ ካስከፈተው እጅ ቀለበቱ ከወጣ ተሸነፈ። የተሸነፈ አለቃ በማግስቱ ለመግሪብ ዘለቢያና ባቅላዋ የሞላ ትሪ በራሱ ተሸክሞ ያሸናፊው አለቃ ደጃፍ ድረስ ያደርሳል። እንደ ሕግ ነው፤ ከደጅ መመለስም የለም።

የኛ ሰፈር ሁሌ ያሸንፋል፤ አባቴ ይፈልጋል፣ አጎቴ ሙህሲን ይደብቃል። አባቴ የሰው ፊት እያገላበጠ ሲላጭ ነው የኖረው፤ ማን ምን እንደደበቀ ከጉንጩ ያውቃል። የአጎቴ ፊት ደግሞ ጎማ ነው፤ ቢነፋም ቢተነፍስም አይታወቅም።

ዛሬ አባቴ ከተራዊህ ሰላት በኋላ እንጀምር አለ። ተራዊህ የሱኒዎች የሌሊት ሰላት ነው፤ አጎቴ አሁኑኑ አለ። ድሮ ሻይ እየጠጡ ይጠባበቁ ነበር። ዛሬ ከኋላ አንዱ «ስንጠብቃችሁ አረጀን እኮ» አለ። በቃ፣ ለሁለት ተከፈሉ። የዳቦ ጋጋሪዎች ሰፈር መጥቶ መጀመሪያ የአባቴን ቡድን፣ ቀጥሎ የአጎቴን ቡድን አሸነፈ። አንደኛው መደበቅ አይችልም፣ ሌላኛው መፈለግ አይችልም። ዳቦ ጋጋሪዎቹ ሲወጡ፣ «ነገ ሚስቶቻችሁን ላኩልን፣ ይሻላሉ» አሉ። እኔ ከሳቅ የተነሣ ከወንበር ወደቅሁ። ሌላ የሳቀ የለም።

ረመዳን 13 (12)

አባቴ ላከኝ። «ለዚያ ሰውዬ ንገረው፤ እኔ ከሰገድኩት ግማሹን ቢሰግድ ኖሮ እህቱን በቤቷ ያስቀምጣት ነበር።»

ሄድኩ። መንገድ ላይ መልእክቱ ከበደኝ፤ ቀየርኩት። «አባቴ፣ ወገብህን እንዴት አደረገህ ብሏል» አልኩት አጎቴን።

አጎቴ የያዘውን ጎማ ለቀቀው። «ስለ ወገቤ? ሻኪር?»

«እንቅልፍ ነሥቶኛል ነው ያለው።»

ጎማውን መልሶ አነሣና፣ «ንገረው፤ ለሰው ወገብ ከማሰብ ለነፍሱ ያስብ፤ ያ ሼኹ ቀጥ አድርጎ ወደ ጀሃነም ነው የሚወስደው» አለኝ።

ለአባቴ፣ «ሰማያዊ ሸሚዝህ ያምርብሃል ብሏል» አልኩት።

አባቴ ሸሚዙን አየ። ከዚያ እኔን አየ። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

ረመዳን 16 (15)

ደላላነቴ ሰምሯል። «አረመኔ» የሚለውን «ናፈቅኸኝ»፣ «ግብዝ» የሚለውን «ጎማህን ቀይር፣ በነፃ» እያልኩ አደርሳለሁ። ዛሬ አጎቴ የምር በነፃ ሁለት ጎማ አስቀመጠለት። አባቴም ሳይጠየቅ የአጎቴን ልጅ ፀጉር ቆረጠለት። እኔን ወደ መንግሥታት ጉባኤ የሚልክ የለም፣ አገሪቱ በሰው መጠቀም አታውቅበትም።

የአጎቴን የስልክ ጥሪ ድምፅ ደግሞ ለትርፍ ጊዜ ሥራ ያህል ወደ አህያ ቀይሬለታለሁ። ገና አልደወለም።

ረመዳን 17 (16)

ደወለ። አጎቴ ቤት ሽማግሌዎች ተሰብስበው የኀዘን ጸሎት እያለቀሱ ሲያነቡ ነው የደወለው። አህያዋ ረጅም ትንፋሽ አላት።

ረመዳን 18 (17)

አጎቴ አህያዋን አባቴ ያስጫናት መሰለው። ሻይ ቤት ሄዶ ፊት ለፊት ገጠመው። እኔ በሩ ጋ ነበርኩ።

«ስለ ወገቤ እየጠየቅክ ከኋላዬ አህያ ትልክብኛለህ?»

«ስለ ምን ወገብ ነው የምታወራው?»

«ሳርመድ ነግሮኛል።»

«አንተስ ስለ ሸሚዜ አላልክም?»

«ስለ ሸሚዝህ ምን አገባኝ?»

ሁለቱም ዞረው አዩኝ። ከዚያ እኔን ረሱና ያሉትን ሁሉ በራሳቸው አፍ ተባባሉ። እኔ ያላደረስኩትን በሙሉ፣ አንዱም ሳይቀር። ከዚያ ያላሉትንም ጨመሩ። ስለ ክፉው ዘመን፤ ማን የማንን እንደገደለ። የዑመርን ስም አጎቴ አነሣ፣ የአብዱልዘህራን አባቴ አነሣ። ሐጂ ጡዕማ ሻይ እንደያዘ፣ «ኧረ ሙታኑን ተዉአቸው፣ እነሱ እንኳ ታርቀዋል» አለ። የሰማው የለም።

አጎቴ ሲወጣ፣ «እንግዲህ ወረቀቷን ላክ» አለ።

ወረቀት ማለት የፍቺ ወረቀት ነው።

ረመዳን 19 (18)

ምንም የሚጻፍ የለም። ሱቅ ሄድኩ። የሦስት ሰው ስልክ አበላሸሁ።

ረመዳን 21 (20)

እናቴ ልብስ እየተኮሰች፣ ቀና ሳትል፣ «አህያዋን ያመጣሃት አንተ ነህ» አለችኝ።

«አዎ እማ።»

«ለአጎትህ ነገርከው?»

«ነገርኩት። በጥፊ መታኝ። ከዚያ እንደገና አሰማኝ አለና ሳቀ። አባትህን ግን አልምረውም አለ።»

ካውያውን አቆመች። «አባትህ ራሱ አንድ ቀን እንኳ እዚህ ደጃፍ ድረስ አልመጣም። እኔ ወረቀት አልጠየቅኩ። ግን በሩን ማን ያንኳኳ፣ እኔ ከውስጥ ላንኳኳ?»

ይኼንኑ ለአባቴ አደረስኩ። ሳልቀይር።

«በምን ሰበብ ልሂድ?» አለ። «ባዶ እጄን? ሙህሲን ፊት ልለምን? ይኼንማ ሞቼ።»

ቤቱ እያስተጋባ ነው። አራት ሰው ሲኖርበት አይስተጋባም ነበር። ለዚህ ደግሞ ተጠያቂው ማን እንደሆነ... ተዉት።

ረመዳን 25 (24)

ሐጂ ጡዕማ ሰለቸው። ዳቦ ጋጋሪዎቹ ከእንግዲህ ከኛ ጋር የሚጫወቱት ሕፃናት ካጡ ብቻ እንደሆነ ልከው ነበር። «እንግዲያው ሁለቱ ግማሾች እርስ በርስ ይጋጠሙ። የተሸነፈው ቡድን አይባልም፣ ይፈርሳል» አለ ሐጂ። ሁለቱም አለቆች ለማፍረስ ሲሆን ቶሎ ተስማሙ።

እኔን ሁለቱም ፈለጉኝ። ከአጎቴ ጋር ተሰለፍኩ፤ ዶልማው ያለው በሱ በኩል ስለሆነ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

አጎቴ ብርድ ልብሱ ውስጥ ገብቶ በየሰዉ መዳፍ እጁን አሳለፈ። ቀለበቱ ቀኝ እጄ ላይ ሲወድቅ ቀዘቀዘኝ። አባቴ መጣ። ከዳር ጀመረ፤ «ክፈት፣ ባዶ ነህ»፤ «ክፈት፣ ባዶ ነህ»፤ አንድም አልሳተም። አጎቴ ፊት ሲደርስ ቆመ። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንዱ የሌላውን ፊት እንዲህ አላየም ነበር። አጎቴ እንደ ጎማ ተመለከተው። አባቴ፣ «ከስተሃል» አለው ቀስ ብሎ። አጎቴ ባዶ እጁን ከፍቶ ወጣ።

በመጨረሻ እኔና ሁለት ሌሎች ቀረን። አባቴ አገጬን ያዘና እንደሚላጭ ደንበኛ ፊቴን ወደ አምፖሉ አዞረው። ላለመሳቅ ጥርሴን ነከስኩ። ዓይኔ ያን ጊዜ ትንሽ ውኃ አውጥቷል፤ ሺሻ የሚያጨሱት ከፊት ለፊት ነው የተቀመጡት። ረጅም ጊዜ አየኝ።

«ሳርመድ» አለ፣ «ሁለቱንም እጅህን ክፈት። ባዶ ነህ።»

ከፈትኩ። ቀለበቱ እጄ ላይ አበራ። የኛ ወገን ጣሪያውን በጩኸት አነሣው። አባቴን አሸነፍኩት። እኔ፣ በቤት ውስጥ ስኳር ሰርቄ እንኳ ከሱ ተሰውሬ የማላውቀው። አርጅቷል መሰለኝ፣ ዓይኑ ደክሟል። አጎቴ ግን አልጮኸም፤ አባቴን ያየው ነበር። ሐጂ ጡዕማ ብርጭቆ እየሰበሰበ፣ «ይኼ ሰውዬ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ዋሸ» ሲል ሰማሁት። ምን ማለቱ እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ረመዳን 26 (25)

አባቴ ከቀትር ጀምሮ ሲላጭ ዋለ፤ ራሱን። ሰማያዊውን ሸሚዝ እኔ ተኮስኩለት። የዘለቢያውን ትሪ እኔ ልያዝ ብለው፣ «የተሸነፈው ማን ነው?» አለኝ።

መግሪብ ሲቃረብ አጎቴ ደጃፍ ደረስን። ሰፈሩ ሁሉ ከኋላችን ነው፤ ትሪ ሲወጣ የማይከተል ሕፃን የለም። አጎቴ በሩን ከፈተ። የመጀመሪያው አዛን ተሰማ።

«ግባ» አለ አጎቴ፣ ወደ መሬት እያየ። «አዛንህ ብሏል። አፍጥር።»

«የዚህ ቤት ሰዓት አልደረሰም» አለ አባቴ። «እጠብቃለሁ።»

ትሪው ራሱ ላይ እንዳለ ቆመ። ቀኑን ሙሉ የጾመ ሰው አፍንጫው ላይ የዘለቢያ ሽታ ይዞ ሩብ ሰዓት ሲቆም አይቼ አላውቅም። ሽሮፑ በትሪው ጠርዝ ይንጠባጠብ ጀመር፤ መጀመሪያ በግንባሩ፣ ከዚያ በጆሮውና በተላጨው ጉንጩ፣ ከዚያ እኔ በተኮስኩት ኮሌታ ገባ። አንድ ዝንብ መጣ። አላባረረውም፤ ሁለቱም እጁ ትሪ ይዟል። ዝንቡ ጓደኞቹን ጠራ።

ከበሩ ኋላ የእናቴ ድምፅ መጣ። «ሻኪር፣ አውርደው። አንገትህ ይሰበራል።»

«ሰማዩ ገና ቀይ ነው» አለ።

ከዚያ እናቴ ሳቀች። መጀመሪያ እንደ ሳል ነው የጀመራት፤ በኋላ በሩን ይዛ ቁጭ አለች። ሩሱል ሳቀች፣ ሕፃናቱ ሳቁ፣ አጎቴ ያን የጎማ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። አባቴ ብቻ አልሳቀም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ግን ሁሉም እየሰማው፣ «ኒዳል፣ ያን የተናገርኩትን አንሥቼዋለሁ» አላት እናቴን። «ከአፌ የወጣው የሌላ ሰው ቃል ነው። የተዋስኩት ግን እኔ ነኝ።»

እናቴ ወጥታ በቀሚሷ ጫፍ ጆሮውን ጠረገችለት። ከዚያ ኮሌታውን ያዝ አድርጋ፣ «ይኼን ማን ነው የተኮሰው?» አለች።

«እኔ» አልኩ።

«ያስታውቃል።»

ሁለተኛው አዛን ሲል አጎቴ ራሱ ትሪውን ከአባቴ ላይ አወረደ። ሲያወርድ ወገቡን ያዘና አቃሰተ። አባቴ፣ «ወገብህን እንዴት አደረገህ?» አለው። በዚህ ጊዜ መልእክተኛ አልነበረም።

ረመዳን 27 (26)

እናቴ ቤት ናት። ሳህኖቹን አይታ ጮኸችብን፤ እኔና አባቴ እንደ ሁለት ወታደር ተሰልፈን ሰማን። ፎቶውን መልሳ ሰቀለችው። ጎማውን ወደ ወጥ ቤት አዛወርኩት። ቴሌቪዥኑ የሕፃናት ካርቱን ላይ ተጣብቆ ሌላ ጣቢያ አልይዝም ብሏል። አባቴ ጠግነው አለኝ። ዕቃው ከቻይና እስኪመጣ ጊዜ ይፈጃል አልኩት። «ይፍጅ» አለ።

ሸዋል 1 (በእናቴ አቆጣጠር ረመዳን 30)

የአባቴ ዒድ ዛሬ ነው፤ የእናቴ ነገ ነው። ጨረቃዋ ምንም አልተማረችም። አባቴ የዒድ ሻዩን እናቴ እንዳታየው ጣሪያ ላይ ወጥቶ ይጠጣል። እናቴ በጾም አፏ የቴምር ብስኩት፣ ኩሊቻ፣ ጋግራለት ወደ ላይ ትልካለች፣ በሩሱል። ሩሱል ግማሹን ደረጃው ላይ ትበላለች። አዲስ ቀሚሷን ዛሬም ነገም ትለብሰዋለች፤ የዒድ ገንዘብም ከሁለቱም ወገን ሰብስባ፣ ሦስተኛ ጨረቃም ብትኖር ጥሩ ነበር ብላኛለች።

ከላይ ያለውን ሁሉ መልሼ አነበብኩት። ገጽ ፈጀሁ። ኀዘን ምናምን ብያለሁ፣ መንግሥት ምናምን ብያለሁ። እውነቱን ለመናገር ያን ያህል ነገር አልነበረም። አንዲት ሴት ወንድሟ ቤት ሦስት ሳምንት ከርማ ተመለሰች። ይኸው ነው።